እሪታና ምስጢር፤ የእብድ ውሻ ደዌ ታሪክ በጎንደርና በሰሜን ደጋ

በሰው ልጅ ላይ ከሚወርዱት ደዌያት መካከል፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ ፈውስ የማይገኝለት፣ ምልክቱ ሳይታይ ከተደረሰበት ግን ፈጽሞ ሊከለከል የሚችል፣ እንደ እብድ ውሻ በሽታ ያለ ሌላ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ የዚህን ደዌ ታሪክ ሊጽፍ የሚነሣ ሰው ከመድኃኒቱ ታሪክ ጋራ የወሬውንም ታሪክ፣ ማለት የተነከሰው ሰው ለማን እንደ ተናገረ፣ በስንተኛው ቀን እንደ ተናገረ፣ የሰማውም ወገን ምን እንዳደረገ መመርመር ይገባዋል፤ በንክሻውና በሞቱ መካከል ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ወራት በመሆኑ፣ ነፍስ የምትድነው ወይም የምትጠፋው በዚያ ፋታ ውስጥ በተነገረው ወይም በተሸሸገው ቃል ነውና።

ጎንደርና በሰሜን በኩል የሚከተላት ደጋ፣ ማለት ወገራ፣ ዳባት፣ ደባርቅና ጃናሞራ፣ ከዚህ ደዌ ጋራ የኖሩበት ዘመን ረጅም ነው። በዚያ ረጅም ዘመን የሀገሩ ሰው ሁለት ልማዶችን አጸና፤ ስለ ውሻው በአደባባይ እሪ ማለትን፣ ስለ ተነከሰው ሰውና ስለ መድኃኒቱ ግን በጓዳ መንሾካሾክን። ዛሬ የጤና ባለሥልጣን ከሕዝቡ የሚለምነው ነገር፣ የንክሻን ወሬ ሳያዘገዩ ለሚመለከተው ማድረስ፣ ለብዙዎች ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ሥርዓት ይመስላቸዋል፤ እኛ ግን ያ የቀደመው የእሪታ ልማድ እስከ ተነከሰው ሰው ጓዳ ድረስ እንዲዘልቅ መጠየቅ ነው እንላለን፤ የዚህም ጽሑፍ ሐተታ ይህንኑ ለማስረዳት ነው።

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. መናገሻቸውን በጎንደር ካቆሙ በኋላ ከተማይቱ በነገሥታት ግንብ፣ በአብያተ ክርስቲያናት፣ በገበያና በልዩ ልዩ ሠፈር እየሰፋች ሄደች፤ ብዙ ሰው በሚበላበትና ብዙ ከብት በሚታረድበት ስፍራ ሁሉ እንደሚሆነውም፣ ውሻና ጅብ ከሰው ጋራ አብረው ከተሙ። በ1762 ዓ.ም. ወደ ጎንደር የገባውና በቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ የፈንጣጣ ሕሙማንን ያከመው የስኮትላንድ ሰው ጄምስ ብሩስ፣ ከምሽት ጀምሮ እስኪነጋ ድረስ ጅቦች በከተማይቱ መንገድ እንደሚመላለሱ፣ በዚያም የሁከት ዘመን የተገደሉ ሰዎች ሬሳ ሳይቀበር በአደባባይ ይጣል ስለ ነበር የገዛ አደን ውሾቹ ሳይቀሩ የሰው አካል ይዘው ወደ ግቢው እንደ ገቡ በጉዞ መጽሐፉ መስክሯል። ይህን ማንሣታችን የዘመኑን ጭካኔ ለማውራት ብለን አይደለም፤ የቤቱ ውሻ፣ ጌታ የሌለው ውሻና የዱር አውሬ በአንድ ጎዳናና በአንድ ጥራጊ ላይ በሚገናኙባት ከተማ፣ በምራቅ ለሚተላለፍ ደዌ መንገዱ ምን ያህል ክፍት እንደሚሆን ለማሳየት ነው።

በደጋው ደግሞ ውሻ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ሌሊት በረቱን ከጅብ፣ ቀን በጎቹን ከቀበሮ የሚጠብቅ እርሱ ነውና፣ ገበሬው ያለ ውሻ ማደርን አይደፍርም፤ ዳሩ ግን ውሻው ቀለቡን ከትርፍራፊ የሚያገኝ፣ ቀን ተፈትቶ ወደ ገበያና ወደ ድግስ ቤት የሚዞር፣ ከመንደር ውሻም ከሜዳ አውሬም ጋራ የሚጣላ ነው። እረኞቹ ሕፃናት ስለሆኑ ከውሻው ጋራ ውለው የሚገቡትም እነርሱ ናቸው፤ በዓለም ሁሉ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት መካከል ከመቶ 40 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው ሲባል፣ ለደጋ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም።

እነሆ አንድ ውሻ ጠባዩን ለውጦ፣ ምራቁን እያዝረከረከ፣ ጅራቱን ቆልፎ፣ የሚያውቀውንና የማያውቀውን ሳይለይ እየነከሰ ሲያልፍ የታየ እንደ ሆነ፣ መጀመሪያ ያየው ሰው ከጉብታ ላይ ወጥቶ «እብድ ውሻ!» ብሎ ይጮኻል፤ ያ ጩኸት ከሸንተረር ወደ ሸንተረር፣ ከመንደር ወደ መንደር እየተቀባበለ ከውሻው ቀድሞ ይደርሳል። ሴቶች ልጆቻቸውን ይሰበስባሉ፣ ጥጃና ግልገል ወደ ቤት ይገባል፣ ወንዶች ዱላና ድንጋይ፣ ያለውም ጦሩን ይዞ ይወጣል። ወሬው ለጭቃ ሹሙ ይደርሳል፣ በገበያ ቀን ይወራል፣ ከቅዳሴ በኋላም በደጀ ሰላም ይነገራል። በዚህ ጊዜ ዝም ያለ ሰው በጎረቤቱ ዘንድ ነውረኛ ነበር፤ የሁሉ ልጅና የሁሉ ከብት በአንድ ሜዳ ይውላልና። ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ በሚነገርበት ሀገር፣ የሰማው ላልሰማው እንዲያሰማ የሚያዝዘው ቃል ለንጉሥ ትእዛዝ ብቻ የተወሰነ አልነበረም፤ ለእሳት፣ ለወንበዴና ለእብድ ውሻም ሕዝቡ ራሱ አዋጅ ነጋሪ ነበር።

ሕጉም ከዚህ ልማድ ጋራ ይስማማል። በኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 21 ስለ ተዋጊ በሬ የተጻፈው ሥርዓት፣ ባለቤቱ የበሬውን አመል አስቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው ከቀረና በሬው ሰው ከገደለ፣ ፍርዱ ሳያውቅ ከተገኘው ሰው ይልቅ እንዲከብድበት ያዛል። ዳኛው የሚመረምረው ዋና ነገር ለባለቤቱ ተነግሮት ነበር ወይስ አልተነገረውም የሚለው ነው፤ እንግዲያውስ መናገር በዚያ ጥንታዊ ሕግ ውስጥ እንኳ ፍርድን የሚለውጥ ታላቅ ተግባር ነበር ማለት ነው። መጻሕፍተ ብሉያትን በአንድምታ ሲተረጉሙ ለኖሩት ለጎንደር ሊቃውንት ይህ ሥርዓት እንግዳ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቁጥር 2071፣ እንስሳው ሳይታሰብ ከባለቤቱ ቁጥጥር አምልጦ እንኳ ቢሆን ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ እንደሚሆን ደንግጓል።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው የእሪታው ወገን ነው። ውሻው ተገድሎ ጩኸቱ ከበረደ በኋላ የሚከተለው ግን ሌላ ነበር። የተነከሰው ሰው ዘመዶቹ ይዘውት ወደ መድኃኒት አዋቂ ወይም ወደ ደብተራ ይሄዳሉ፤ አዋቂውም ከአባቱ የወረሰውን ሥር፣ ሰው ሳያየውና ከሰው ሳይነጋገር በማለዳ ነቅሎ፣ አድርቆና ወቅጦ፣ በወተት ወይም በማር አድርጎ ይሰጠዋል። እንዶድ፣ ብሳና፣ ወርቅ በሜዳ፣ የምድር እንቧይና ዋጊኖስ ለዚህ ደዌ በልዩ ልዩ ስፍራ ከሚታዘዙት ዕፀዋት መካከል ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ዋጊኖስ፣ ብሩስ ለተቅማጥ መድኃኒትነቱን በዚያው ጉዞው ተምሮ ለአውሮፓ ሊቃውንት ያስተዋወቀው ዕፅ በመሆኑ፣ እነርሱም ወገኑን በብሩስ ስም ሰይመውታል፤ የሀገራችን የመድኃኒት ዕውቀት ከንቱ አለመሆኑን ይህ ብቻ ይመሰክራል። የመድኃኒት መጻሕፍትም፣ በብራናና በወረቀት ተጽፈው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ የኖሩት፣ እብድ ውሻ ለለከፈው ሰው የሚደረገውን ከሌሎች ደዌያት ጋራ መዝግበው ይገኛሉ።

ነገር ግን ዕውቀቱ በምስጢር የታሰረ ነበር። መድኃኒቱ ከተነገረ ኃይሉ ይጠፋል ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፣ አዋቂው ለልጁ እንኳ ሞቱ እስኪቃረብ አይገልጥም፤ ታካሚውም የጠጣውን አይጠይቅም፣ ቀን እየቆጠረ ደዌው ያልፈው እንደ ሆነ በዝምታ ይጠባበቃል። ከዚህ ምስጢር የተወለደው ትልቁ ጉዳት መርዛም ሥር ሰውን መጉዳቱ ብቻ አይደለም፤ መቁጠር አለመቻሉ ነው። የሚናከስ ውሻ ሁሉ እብድ አይደለም፤ እብድ ውሻ የነከሰውም ሰው ሁሉ አይታመምም። ስለዚህ ወደ አዋቂው ከሄዱት አብዛኞቹ ሥሩን ባይጠጡም ይድኑ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ የዳኑት ግን አዋቂውን እያመሰገኑ ወሬውን ሲነዙ፣ የሞቱት ደግሞ «ቀኑ አልፎበት መጣ»፣ «የተከለከለውን በላ»፣ «ወንዝ ተሻገረ» እየተባለ ይቀበሩ ነበር። ምን ያህል ተነከሱ፣ ምን ያህል ሞቱ ብሎ የሚጽፍ በሌለበት፣ ቅን የሆነው አዋቂ ራሱ እንኳ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ጸበሉንም በዚሁ አንጻር ማየት ይገባል። ሕሙማን ወደ ቅዱሳን መካናት መሄዳቸው የሃይማኖታቸው ግዳጅ ነውና ማንም ሊነቅፈው አይችልም፤ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምንና ከምድር የተፈጠረውን መድኃኒት ጠቢብ ሰው እንዳይንቅ ካስተማረ ግን፣ ጸበልና ሐኪም ቤት አንዱ ሌላውን የሚያስቀር ሊሆን አይገባውም። የተነከሰ ሰው ሁለት ሱባዔ በጸበል ቆይቶ ወደ ሐኪም ቢመጣ፣ ያጠፋው ሃይማኖቱ ሳይሆን ቀኑን ያልነገሩት ሰዎች ናቸው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የታሪክ ግጥምጥም እጅግ ያስደንቃል። በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመነ መንግሥት፣ በ1876 ዓ.ም. ክረምት፣ የእብድ ውሻ ደዌ በትግራይ፣ በቤጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ እንደ ተነሣ የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1877 ዓ.ም. በሰኔ ማለቂያ፣ ጆዜፍ መይስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅ በአልዛስ ሀገር 14 ስፍራ ላይ ተነክሶ፣ እናቱ ይዛው በተነከሰ በሁለተኛው ቀን ፓሪስ ደረሰች፤ ሉዊ ፓስተርም ከታመሙ ጥንቸሎች የአከርካሪ ቅልጥም አድርቆ ያዘጋጀውን ክትባት፣ እርሱ ራሱ የሕክምና ሥልጣን ስላልነበረው በሐኪም እጅ አስወግቶት ልጁ ዳነ። በዚህ ታሪክ ሰዎች ሁሉ የሚያመሰግኑት የጠቢቡን ብልሃት ነው፤ የእናቲቱ ፍጥነትም ግን ተካፋይ ሊሆን ይገባዋል። ይህች ሴት የልጅዋን ንክሻ ሸሽጋ ወር ብትቆይ ኖሮ፣ በፓሪስ የተዘጋጀው መድኃኒት ሁሉ ለእርስዋ ልጅ ባልረባም ነበር፤ የደዌው ተሐዋሲ ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ ጅማት በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል የሚጓዝ ስለሆነ፣ ክትባቱ የሚረዳው ቀድሞት ከደረሰ ብቻ ነውና። በዚያው ጊዜ በወገራ የተነከሰ ልጅ ቢኖር፣ የሚያደርሰው መንገድም፣ የሚደርስበት ቤትም አልነበረውም።

ደዌው በአዲስ አበባም በ1895 ዓ.ም. ክረምት መነሣቱ ተጽፎ ይገኛል። ይሁን እንጂ ክትባቱ በሀገር ውስጥ መዘጋጀት የጀመረው ከጠላት ወረራ በኋላ ነው፤ በ1940ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ፓስተር ተቋም ተቋቋመ፣ እርሱም በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ ማዕከላዊ ላቦራቶሪና የምርምር ተቋም ተለውጦ፣ በየዘመኑ ስሙን እየቀየረ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሆኗል። በዚያ ይሠራ የነበረው፣ ፌርሚ በሚባለው ኢጣልያዊ ዘዴ ከበግ አንጎል ይዘጋጅ የነበረው ክትባት፣ ለብዙ ቀናት በየዕለቱ በሆድ ቆዳ ሥር ይወጋ ስለ ነበር ሕመሙ በሕዝቡ ዘንድ እስካሁን በወሬ ይታወሳል። ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከደባርቅ ለሚነሣው ደግሞ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨመርበታል። ብዙው ሰው ከዚህ ሁሉ መንገድና ከዚያ ሁሉ መርፌ የሠፈሩን ሥር መምረጡ ለምን ይደንቃል?

ለጎንደር አዲስ ምዕራፍ የተከፈተው በ1947 ዓ.ም. ነው። የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በከተማይቱ ተቋቁሞ፣ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን በአንድ ቡድን ማሠልጠን ጀመረ። ጥቂት ቀደም ብሎ በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቶ ስለ ነበር፣ ትምህርት ቤቱ ከሆስፒታል አልጋ ይልቅ በመንደር ላይ ያተኮረ ነበር፤ ተማሪዎቹም እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች እየተላኩ፣ ሕዝቡ በምን እንደሚታመም፣ በየትኛው ወር እንደሚታመም፣ ስንቱ እንደሚሞት በመዝገብ ላይ መጻፍን ተማሩ። የታመመውን ቆጥሮ መጻፍ ዛሬ ለእኛ ተራ ነገር ነው፤ በመድኃኒት አዋቂው ጓዳ ሲጠበቅ ለኖረው ምስጢር ግን ይህ ፍጹም ተቃራኒው ነበር።

የዚያ ዘር ፍሬ በኋላ ታየ። በጎንደር ጤና ጣቢያ የተነካሾች መዝገብ ለሊቃውንት ጥናት ሆነ፤ በ2005 ዓ.ም. በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በያኔው የሰሜን ጎንደር ዞን ከ100,000 ሰዎች 2.33፣ ከ100,000 ውሾች 413 ያህል፣ ከ100,000 የጋማ ከብቶች 68 ያህል፣ ከ100,000 የቀንድ ከብቶችም 20 ያህል በየዓመቱ በዚህ ደዌ እንደሚያዙ ተገመተ፤ ሰዎቹን የገደላቸው ሁሉ የውሻ ንክሻ ሆኖ ተገኘ። አንባቢ 2.33 ትንሽ ቁጥር መስሎት አይለፈው፤ ከዚህ ደዌ በኋላ የሚመዘገብ ድኅነት የለምና እያንዳንዱ ቁጥር የተቆፈረ መቃብር ነው። በኢትዮጵያ ሁሉ በየዓመቱ 2,700 ገደማ፣ በዓለም ደግሞ 59,000 ገደማ ሰዎች በእብድ ውሻ ደዌ እንደሚሞቱ ይገመታል። የአህያና የበሬው ቁጥርም ዝም የሚባል አይደለም፤ የገበሬው ሀብት እርሱ ነውና፣ የተለከፈ በሬ ታርዶ ሥጋው እንዳይከፋፈል የሚከለክለውም ያው አስቀድሞ የተነገረ ወሬ ብቻ ነው።

መንግሥትም የጤና ድንገተኛ አደጋ ቅኝት ሥርዓትን ካቋቋመበት ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ፣ የእብድ ውሻ በሽታ እንደ ኮሌራ፣ እንደ ፖሊዮና እንደ ኩፍኝ ሁሉ ወዲያውኑ ሪፖርት ከሚደረጉት ደዌያት መካከል ተቈጥሯል። በየቀበሌው ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሰማችውን ለጤና ጣቢያ፣ ጤና ጣቢያው ለወረዳ፣ ወረዳው ለዞን ያስተላልፋል። ይህን መሰላል ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ ከሸንተረር ወደ ሸንተረር ይቀባበል የነበረውን የጥንቱን ጩኸት ያስታውሳል፤ ልዩነቱ የቀድሞው ጩኸት ውሻው ሲሞት ያበቃ የነበረ ሲሆን፣ የአሁኑ የተነከሰው ሰው ክትባቱን እስኪጨርስ ድረስ የሚቀጥል መሆኑ ነው።

የጥንቱ እሪታ አንድ ጉድለትም ነበረበት። ሕዝቡ ውሻውን የሚገድለው ጭንቅላቱን በድንጋይ እየቀጠቀጠ ነው፤ ደዌው እርግጥ መሆኑ የሚታወቀው ግን በላቦራቶሪ አንጎሉ ሲመረመር ነው። በሕይወት ተይዞ ሳይናከስ ሊታሰር የሚችል ውሻም ቢሆን፣ 10 ቀን ቢጠበቅና ጤነኛ ሆኖ ቢቆይ፣ በነከሰበት ሰዓት ደዌውን የሚያስተላልፍ እንዳልነበረ ይታወቃል፤ ተነካሹም ከጭንቀት፣ መንግሥትም ከመድኃኒት ወጪ ያርፋሉ። ስለዚህ በየመንደሩ የተቆጣ ክንድ ያጠፋው ማስረጃ ስንት እንደ ሆነ ማሰብ ይገባል።

ነገሩ በሰውና በቤት እንስሳ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው፣ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ የሳይንስ ስሙን ከዚሁ ከስሜን ተራራ ያገኘ፣ በዓለም ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ ስፍራ የማይገኝ፣ ቁጥሩም በመላው ሀገሪቱ ከጥቂት መቶዎች ያልዘለለ ፍጥረት ነው። በባሌ ተራሮች በ1980ዎቹ መጀመሪያና ከዚያም በኋላ ደጋግሞ የተነሣው የእብድ ውሻ ደዌ፣ ከእረኞች ውሾች ተላልፎ በአንዳንድ ስፍራ ከቀበሮዎቹ አብዛኞቹን ፈጅቷል። በጃናሞራ የአንድ እረኛ ውሻ መከተቡ እንግዲህ የእረኛውን ልጅ፣ የጎረቤቱን በሬና ይህን የሀገር ቅርስ በአንድነት የሚጠብቅ ነው፤ ከ100 ውሾች 70 ከተከተቡ ደዌው የሚሄድበት መንገድ እንደሚቋረጥ የዓለም ጤና ድርጅት ያስተምራል፤ በውሻ ምክንያት የሚሞት ሰው እስከ ዘመነ ፈረንጅ 2030 እንዳይኖርም ድርጅቱ ከሌሎች ጋራ ግብ አድርጎ ይዟል።

ታሪኩን ስንጠቀልለው ፍርዳችን ይህ ነው። አባቶቻችን የእብድ ውሻ ነገር የአንድ ሰው ሳይሆን የሀገር መሆኑን ዐውቀው ነበር፤ ያጎደሉት ያንኑ ዕውቀት ከውሻው አልፈው ወደ ቁስሉ አለማድረሳቸው ነው። ያም በእነርሱ ዘመን የሚደርሱበት ሐኪም ስላልነበረ ይቅር የሚባል ነው፤ እኛ ግን ምክንያት የለንም። ከጎረቤት ጋራ ላለመጣላት ብሎ የጎረቤቱን ውሻ ንክሻ የሚሸሽግ፣ ተቆጥቶ እንዳይመታው ፈርቶ ዝም ያለውን እረኛ ልጁን የማይጠይቅ፣ «ትንሽ ጭረት ናት» ብሎ የሚያልፍ ሰው፣ እሪታን የለመደ ሕዝብ ልጅ መሆኑን ረስቷል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በጎንደር ከተማም ብትሆን በወገራ ደጋ፣ አንተን ወይም ልጅህን ውሻ፣ ድመት ወይም የዱር አውሬ የነከሰ እንደ ሆነ፣ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃና በሳሙና እጠብ፤ ሳይመሽ ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ፤ ውሻው የማን እንደ ሆነና ወዴት እንደ ሄደ ለቀበሌና ለእንስሳት ሐኪም አስታውቅ፤ የታዘዘልህንም ክትባት እስከ መጨረሻው ቀን ፈጽም። ሁሉም የሚጀምረው በመናገር ነውና፣ በዚያው ቀን ተናገር።